ጠጋኝና ጥገኛ

ከዘነበ ወርቅ ወደ አየር ጤና በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር፣ አሮጌ ጃንጥላ ዘርግተው ጫማ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ፡፡ ከፊታቸው አንዲት የእንጨት ሣጥን ተቀምጣለች፤ በሣጥኗ ላይ ደግሞ ከካርቶን የተቆረጠች ማስታወቂያ ተደግፋለች፡፡ በማስታወቂያዋ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደጋግሞ የደመቀ ጽሑፍ አለ፤ «የጫማ ጥገኛ» ይላል፡፡

ማለት የተፈለገው «የጫማ ጥገና» እንደ ሆነ ግልጽ ነው፡፡ ጸሐፊው በ«ና» አናት ላይ አንዲት አግዳሚ ሰረዝ ጨምሮባታል፡፡ በዚያች ሰረዝ ምክንያት መጠገን የነበረው ነገር መጠጋት ሆኗል፡፡

መጀመሪያ ያገኘኋቸው በአንድ የክረምት ማለዳ ነው፡፡ የግራ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፍቶ ጭቃ ይቅማል፡፡ እኔም ቸኩያለሁ፡፡

«አባባ፣ እባክዎ ሁለት ምስማር ይምቱልኝና ልሂድ» አልኋቸው፡፡

«እኔ ዘንድ ምስማር የለም ልጄ፤ ተቀመጥ፣ እሰፋልሃለሁ» አሉኝ፡፡

ጫማ ሠሪ ሆኖ ምስማር የሌለው ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፡፡ ሰዓቴን እያየሁ ተቀመጥሁ፡፡ ወስፌያቸውን የሚይዙት በአውራ ጣታቸውና በመዳፋቸው መካከል ሸጉጠው ነው፡፡ ጣቶቻቸው አጠር አጠር ያሉ ናቸው፤ እንደኛ ጣት በየአንጓቸው አይታጠፉም፣ ሁሉም በአንድነት ይከፈታሉ፣ በአንድነት ይዘጋሉ፡፡ ስፌቱ ግን የተስተካከለ ነበር፡፡ አርፍጄ ሄድሁ፤ ያ ጫማ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አገለገለኝ፡፡

በሌላ ቀን ስመለስ ስለ ማስታወቂያዋ አነሣሁባቸው፡፡ ጽሑፍ ማረም ልማዴ ነውና የተሳሳተ ፊደል አይቼ ማለፍ አልችልም፡፡ ትርጉሙ እንደ ተለወጠ በአክብሮት አስረዳኋቸው፡፡ ፈገግ አሉና እንዲህ አሉኝ፤

«የጎረቤት ልጅ ነው የጻፈልኝ፡፡ ሌሎችም ነግረውኛል፡፡ ስሕተት ነው እንጂ ሐሰት አይደለም፡፡»

ይህን ቃላቸውን ይዤ ሄድሁ፡፡ ከዚያ ወዲህ ነው «ጠገነ» የሚለውን ግስ እንደ አሮጌ ጫማ እያገላበጥሁ ማየት የጀመርሁት፡፡ ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል፡፡

*

አማርኛ ለተበላሸ ነገር ብዙ ግሶች አሉት፡፡ ከሁሉም ይልቅ በየዕለቱ የምንጠቀምበት «ሠራ» ነው፡፡ ሰዓታችንን፣ ስልካችንን፣ ጫማችንን «አሠራን» እንላለን፤ አዲስ ነገር የፈጠረልን ያለ ይመስል፡፡ በንግግራችን ውስጥ የሠራውና ያደሰው ሰው አንድ ስም ይጋራሉ፡፡

«አበጀ» ከዚህ ይለሰልሳል፡፡ ማዘጋጀትም፣ ማስተካከልም፣ ማሳመርም ነው፡፡ በማቴዎስ ወንጌል የዘብዴዎስ ልጆች በታንኳ ተቀምጠው በመረባቸው ላይ የነበሩበትን ሥራ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የገለጸው በዚህ ግስ ነው፡፡ ደግሞም «አበጀህ!» ስንል የምናመሰግነው ሰው ምንም ያልጠገነ ሊሆን ይችላል፤ መልካም ማድረጉ ብቻ ይበቃል፡፡

እንግሊዛውያን ለዚያው መረብ «ሜንድ» ይላሉ፡፡ ቃሉ የላቲን ዘር ነው፡፡ በላቲን «ሜንዳ» ጉድለት፣ ነውር፣ ስሕተት ማለት ሲሆን ጉድለቱን ማውጣት ደግሞ «ኤሜንዳሬ» ይባላል፡፡ እንግሊዝኛው ከዚህ አንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ አበቀለ፤ አንደኛው ካልሲ የሚወስፈው ሰው ግስ ነው፣ ሁለተኛው የጥንት ጽሑፍ የሚያርመው ሊቅ ግስ ነው፡፡ ጠባይን ማሻሻልም በዚያው ቃል ይነገራል፡፡

የእኛ «አረመ» የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ ገበሬው ከጤፉ መካከል አረሙን ይነቅላል፤ አራሚውም ከጽሑፉ መካከል ስሕተቱን ይነቅላል፡፡ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ባዕድ ነው፣ ሲወጣ ነገሩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል ብለው ያምናሉ፡፡ እኔም በዚያች የካርቶን ማስታወቂያ ላይ ለማድረግ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፡፡

«አደሰ» ደግሞ ከግእዙ «ሐደሰ» የመጣ ነው፤ በውስጡ «ሐዲስ» አለ፡፡ ያደሱት ነገር አዲስ ይሆን ዘንድ ይጠበቃል፡፡ መታወቂያ ይታደሳል፣ መንጃ ፈቃድ ይታደሳል፣ ቤት ይታደሳል፣ ሶፋ ይታደሳል፡፡ ያለፈው ጊዜ እንዳልነበረ ሆኖ ቀኑ ከዛሬ ይቈጠራል፡፡ መንግሥታትም ይህን ግስ ይወዱታል፤ «ተሐድሶ» የሚለው ቃል ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ሠራዊት ካምፕ ያልገባበት ቦታ የለም፡፡

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው «ጠቀመ»ን ነው፡፡ ዛሬ «ጠቀመ» ስንል ማትረፍን፣ መርዳትን ማለታችን ነው፡፡ በቀድሞው አማርኛ ግን መርፌ ይዞ የተቀደደውን እየወጉ መያያዝም «መጥቀም» ነው፡፡ የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው ምን እንደምል ያውቃል፡፡ ቆዳው ሲፋቅና ሲወጠር ትንሽ ቀዳዳ ብትፈጠር ብራና ፋቂው ቆዳውን አይጥለውም፤ በክር ወይም በጅማት ይጠቅመዋል፡፡ ከዚያም ጸሐፊው ይቀመጣል፡፡ ስፌቱ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ ያልፍና ጽሑፉን ይቀጥላል፡፡ ቀዳዳው አልጠፋም፤ የገጹ አካል ሆኗል፡፡ መስፋትና መጥቀም በአንድ ድምፅ መጠራታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፡፡

*

«ጠገነ» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፡፡

ዛሬ ቃሉን የምናገኘው በአብዛኛው በሰሌዳ ላይ ነው፡፡ «የሞባይል ጥገና»፣ «የቴሌቪዥን ጥገና»፣ «የጥገና ክፍል» ይላል፡፡ ከብረትና ከሽቦ ጋር የተወለደ ይመስላል፡፡ ነገር ግን የማሽኑ ዓለም ወደ እኛ ሲገባ የየራሱን ስም ይዞ ነው የመጣው፡፡ ጋራዡ፣ መካኒኩ፣ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ሁሉ በባዕድ ስማቸው ይኖራሉ፤ ጎሚስታና ሊስትሮ ከጣልያኖች የተረፉ ናቸው፡፡ «ጠገነ» ከእነርሱ በፊት ነበር፤ ሥራውም በሥጋና በአጥንት ላይ ነበር፡፡

አጥንት ይጠገናል፡፡ ቁስል ይጠገናል፡፡ ይህ የቃሉ ቀዳሚ ቤት ነው፡፡ ባለሙያውም ወጌሻ ይባላል፡፡ በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ ክንዴ በተሰበረ ጊዜ እናቴ ወደ ሰፈራችን ወጌሻ ወስዳኛለች፡፡ ሴትዮዋ ክንዴን በለጋ ቅቤ እያሹ፣ በጣታቸው ጫፍ አጥንቱን «እያዳመጡ» ቆዩ፡፡ ከዚያም ልብ ሳልል በድንገት ሳቡት፡፡ ጩኸቴ ሳያበቃ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በግራና በቀኝ ደግፈው በጨርቅ ጠመጠሙልኝ፡፡ እናቴ «ይድናል ወይ እማማ?» ብላ ስትጠይቃቸው የመለሱላትን አልረሳውም፡፡ «እኔ አላድንም፤ እደግፈዋለሁ እንጂ አጥንቱ ራሱ ነው የሚገጥም» አሏት፡፡

ሐኪሞችም የሚነግሩን ይህንኑ ነው፡፡ በስብራቱ ቦታ ደም ይረጋል፤ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፡፡ ጀሶውም ሆነ ቀርከሃው ተግባሩ አጥንቱ ሥራውን እስኪጨርስ ከጎኑ መቆም ነው፡፡ መደገፉ ግን ልክ አለው፡፡ ከልክ በላይ የጠበቀ እሥር ደም ያግዳል፤ የታገደ ደም እጅን ያደርቃል፡፡ በወጌሻ እሥር ምክንያት ሥጋቸው ሞቶ እጅና እግራቸውን በቀዶ ሕክምና ያጡ ልጆች ታሪክ በአገራችን ሐኪሞች ተደጋግሞ ተጽፏል፡፡ የእኔ ክንድ ድኗል፤ ያልዳኑ ግን አሉ፡፡ እንግዲህ ጥገና በራሱ ቅዱስ ሥራ አይደለም፡፡ እጅ እንደሚያተርፍ ሁሉ እጅ ያስቆርጣል፡፡

ከአጥንት ቀጥሎ ቃሉ ወደ ልብ ወጣ፡፡ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 61 መጀመሪያ ላይ ነቢዩ የተላከበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ልባቸው ለተሰበረ ሰዎች የሚደረገውን ነገር የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጠራው «ጠገነ» በሚለው ግስ ነው፡፡ ተርጓሚዎቹ «አደሰ» አላሉም፡፡ የተሰበረ ልብ አዲስ አይሆንም፤ ይታሠራል፣ ይደገፋል፣ ጠባሳውን ይዞ ይገጥማል፡፡

ይህን ሳስብ የምኖርበት ክፍለ ከተማ ስም ሌላ ትርጉም ይሰጠኛል፡፡ ኮልፌ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበትን ሰፈር ነው፡፡ ቀራንዮ ግን ከግሪኩ «ክራንዮን» የመጣ ነው፤ የራስ ቅል ማለት ነው፡፡ ጎልጎታም በዕብራይስጡ ወገን ያው ነው፡፡ መድኃኔዓለም የተተከለበት ሰፈር ይህን ስም ለክፍለ ከተማው አወረሰ፡፡ የአጥንት ስም በተሸከመ አገር ስለ አጥንት ጥገና ማሰብ አይገርምም፡፡

*

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል ልሂድ፤ ሕፃኑ በስሕተት ወደ ጻፈው፡፡

«ጥገኛ» ከ«ጠገነ» አልተወለደም፡፡ መልካቸው ቢቀራረብም ቤታቸው ሌላ ነው፡፡ «ጥገኛ» የ«ጥግ» ልጅ ነው፤ «ተጠጋ» ወንድሙ ነው፡፡ ጥግ ማለት ነፋስና ዝናብ የማይደርስበት የግድግዳ ሥር፣ የዋሻ አፍ፣ የሰው ጎን ነው፡፡ ጥግ የያዘ ሰው ጥገኛ ነው፡፡

ቃሉ ጥንት እንደ ዛሬው የተዋረደ አልነበረም፡፡ በአገራችን ታሪክ ንጉሥ የተቈጣው መኰንን፣ ደም ያለበት ሰው፣ ወታደር ያባረረው ገበሬ ሁሉ ደብር ይማጸን ነበር፡፡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የገባ ሰው ጥግ አገኘ ማለት ነው፡፡ ዛሬም አገሩን ጥሎ የሸሸ ሰው በሌላ አገር የሚጠይቀው ነገር በአማርኛ «ጥገኝነት» ይባላል፡፡ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቃል በየወረቀታቸው ላይ ጽፈውታል፡፡

በሌላ በኩል ግን ቃሉ ጠቍሯል፡፡ የሕይወት ሳይንስ መምህራን በሌላው ደም የሚኖረውን ተውሳክ «ጥገኛ» አሉት፡፡ በአብዮቱ ዘመን «ጥገኛ ኢኮኖሚ»፣ «ጥገኛ ከበርቴ» የሚሉ ስድቦች ተበራከቱ፡፡ ቃሉ ከሰውየው መቸገር ወደ ሰውየው መጥፎነት ተሻገረ፡፡ ዛሬ ጎልማሳ ልጁን «ጥገኛ ሆንህብኝ» የሚል አባት ምሕረትን አያስብም፡፡

በዘነበ ወርቅ ሰፈር ይህ ቃል ለረጅም ዘመን እንደ ስም ሆኖ ኖሯል፡፡

*

በ1926 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅ በለጋ ዕድሜዋ አረፈች፡፡ ስሟም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከከተማው ውጭ በስተ ምዕራብ ለተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተሰጠ፤ ከሆስፒታሉም ወደ ሰፈሩ ተሻገረ፡፡ «ከከተማው ውጭ» የሚለው ልብ ይባልልኝ፡፡ ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከሰፈር ውጭ እንዲኖር በኦሪት ዘሌዋውያን ተጽፏል፤ በመጽሐፍ ቅዱሱ «ለምጽ» የተባለውም፣ ዛሬ ያን ስም የምንሰጠው የቆዳ መንጣት ብቻ ሳይሆን እጅግ የሚፈራ ደዌ ነበር፡፡ ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ሳይቀሩ በዚህ በሽተኛ ላይ ጨክነዋል፡፡ ሊደግማቸው የሚወድ ይድገማቸው፤ እኔ አልጽፋቸውም፡፡

ወደ ሆስፒታሉ ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግርም በበቅሎም የመጡ ሰዎች ከታከሙ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፡፡ የሚመለሱበት ቤት ተዘግቶባቸው ነበርና፡፡ በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፡፡ በአቅራቢያው የጻድቁ የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መኖሩም ያለ ነገር አይደለም፡፡ ገብረ ክርስቶስ በኢትዮጵያው ገድል የንጉሥ ልጅ ሳለ ሙሽርነቱን ትቶ የወጣ፣ ደዌውንም ለምኖ የተቀበለ፣ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ የኖረ ጻድቅ ነው፡፡ ሕዝቡ የተጠጋው ራሱ ጥገኛ ወደ ነበረ ቅዱስ ነው፡፡

በሽታው ምን እንደሚያደርግ በአጭሩ ልግለጽ፤ ያለዚህ የምስማሩ ነገር አይገባንም፡፡ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴርያ ከሁሉ ይልቅ የሚወድደው ቆዳንና ነርቭን ነው፡፡ የክንድ ነርቭ ሲሞት ጣቶች ወደ መዳፍ ታጥፈው ይቀራሉ፡፡ ከዚህ የከፋው ግን ሕመም መጥፋቱ ነው፡፡ በሽተኛው የጋለ ምጣድ ይነካል፣ አይሰማውም፡፡ እሾህ ይረግጣል፣ አይሰማውም፡፡ ቁስል ላይ ይሄዳል፤ ቁስሉ ወደ አጥንት ይወርዳል፡፡ ሰዎች ለዘመናት «በሽታው ጣት ይበላል» ሲሉ ኖረዋል፡፡ በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ነገር አሳየ፤ ጣቶቹን የሚያጠፋቸው ያልተሰማ ጉዳት ነው፡፡ ደግሞም ከክንድ ወይም ከሌላ ቦታ ጤነኛ ጅማት ወስዶ ከታጠፉት ጣቶች ጋር በማያያዝ እጅ እንደገና እንዲከፈት አደረገ፡፡ በሽተኛው በዚያ በተዛወረ ጅማት መሥራትን እንደ ሕፃን መማር ነበረበት፡፡ ጣቶቹ እንደ ጥንቱ አይሆኑም፤ ጽዋ ለማንሣት፣ ወስፌ ለመያዝ ግን ይበቃሉ፡፡

በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) ዘነበ ወርቅ ላይ አለርት ተመሠረተ፤ የመላው አፍሪቃ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው፡፡ ከአፍሪቃ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የጤና ባለሙያዎች ይህን ጥበብ ተምረውበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በዚያው ቅጥር በሃንሰን ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም ተከፈተ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከረ፤ ኢትዮጵያም ከ1983 ጀምሮ ሕክምናውን ያዘች፡፡ ዛሬ በሽታው በወራት ውስጥ ይድናል፤ በጊዜ የታከመ ሰው ጣቱን አያጣም፡፡ አለርትም ዛሬ የቆዳ፣ የዓይንና የድንገተኛ አደጋ ሕሙማንን ሁሉ የሚያክም ታላቅ ሆስፒታል ነው፤ መኪና የገጨው፣ አጥንቱ የተሰበረ የከተማው ሰው ወደዚያ ይሮጣል፡፡ ሰው ሁሉ ይሸሸው የነበረው ቅጥር ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጠጋበት ሆኗል፡፡

ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎን ግን አንድ ብዙ ያልተነገረለት ሙያ ነበር፤ የጫማ ሥራ፡፡ ሕመም ለማይሰማው እግር ጫማ ልብስ አይደለም፣ መድኃኒት ነው፡፡ ውስጡ ለስላሳ ጎማ ሊነጠፍበት፣ ስፋቱም ለእግሩ ሊመጠን ይገባል፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስማር አይመታበትም፡፡ ጤነኛ ሰው የምስማር ጫፍ ሲወጋው ጫማውን አውልቆ ይጥላል፡፡ ነርቩ የሞተበት ሰው ግን ምስማሩን ከእግሩ ውስጥ እንደ ያዘ ማምሻውን ከቤቱ ይገባል፡፡ ስለዚህ ለእነዚህ እግሮች የሚሠራ ጫማ በማስቲሽ ይጣበቃል፣ በክር ይሰፋል፡፡

አዛውንቱ ሙያቸውን የለመዱት ለእንደዚህ ያሉ እግሮች ነው፡፡ ሦስተኛ ጊዜ ስንገናኝ ጠይቄያቸው ነገሩኝ፡፡ ከሰሜን አገር በልጅነታቸው መጥተዋል፡፡ እጃቸው በዚያው ተቀድዶ ተስተካክሏል፡፡ ጫማ መሥራትንም በዚያው ሰፈር ለምደዋል፡፡

«እኔ ደንበኛዬን እግርህ ይሰማሃል ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ያሳፍራል» አሉኝ፡፡ «ስለዚህ ለሁሉም እሰፋለሁ፡፡ ምስማር ለማይሰማው ሞት ነው፤ ስፌት ግን ለሁሉም ይሆናል፡፡»

እኔ በዚያ የክረምት ማለዳ ሰዓቴን እያየሁ የተቀየምሁበት ጥንቃቄ ይህ ነበር፡፡

*

ከዚህ ሰፈር ጥቂት አለፍ ብሎ ቆሼ አለ፡፡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አዲስ አበባ የጣለችውን ሁሉ የጣለችበት ተራራ ነው፡፡ ሰዎች በላዩ ላይ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ጨርቅ፣ ጫማ እየለቀሙ ኖረዋል፡፡ የከተማችን የጥገና ሰንሰለት አንዱ ጫፍ እዚህ ነበር፡፡ ሌላው ጫፍ በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ወጣት ነው፤ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የቀረ ነው፡፡ ሁለቱም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገናኛሉ፡፡ በዚያ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፡፡ ይህን የሚሠሩትን ሰዎች ጥንት ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እያልን ሰድበናቸዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ፡፡

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ተራራ ተናደ፡፡ ከሥሩ የነበሩ የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ተዋጡ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፡፡ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፡፡ በዚያ ሳምንት የሰማሁት አንድ ጥያቄ ዛሬም ያሳምመኛል፤ «ሰው እንዴት ቆሻሻ ሥር ቤት ይሠራል?» የሚል ነበር፡፡ ጥያቄው የተጠየቀው ለሟቾቹ ነው፡፡ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ለእኛ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ምን ጥግ ተውንላቸው?

አዛውንቱን ያኔ አግኝቻቸው ነበር፡፡ ጃንጥላቸው ታጥፏል፤ ሥራ አልያዙም፡፡ የሚያውቋቸው ሰዎች ከተራራው ሥር ነበሩ፡፡ «ጫማ ያመጡልኝ ነበር» ብቻ አሉኝ፡፡ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ አጠገባቸው ጥቂት ተቀምጬ ሄድሁ፡፡

*

አንባቢ ሆይ፣ የቃላቱን ዘር ስመረምር «ጠገነ» እና «ጥግ» አይዛመዱም ብዬ ጀምሬ ነበር፡፡ በሰዋስው አይዛመዱም፡፡ በሥራ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም፡፡ ወጌሻዋ ለክንዴ ያደረጉለት ጥግ መስጠት ነው፤ ቀርከሃ በግራ፣ ቀርከሃ በቀኝ፡፡ አጥንቱ ለስድስት ሳምንት ጥገኛ ሆነ፡፡ ጥገኛ ስለ ሆነም ተጠገነ፡፡ የተዛወረው ጅማት በሌላ ቦታ ተጠግቶ ነው ጣትን የሚከፍተው፡፡ በብራናው ላይ ያለችው ክር ሁለቱን የቀዳዳ ከንፈሮች አጠጋግታ ነው የምትይዘው፡፡ ጥግ ያላገኘ ነገር አይጠገንም፡፡ ከዚህም አልፎ፣ ጥግ ያገኘ ሰው ውሎ አድሮ ጠጋኝ ይሆናል፡፡

ለዚህ ከመዝገበ ቃላት ቤት አንድ ምስክር ልጥራ፡፡ የግእዙን ታላቅ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ሳይፈጽሙት ሞቱ፡፡ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ሞቱ፡፡ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፡፡ ሞት ሁለት ጊዜ የሰበረው ሥራ በሦስተኛው ትውልድ ገጠመ፡፡ ደስታ በመምህራቸው የተጠጉ ተማሪ ነበሩ፤ በመጨረሻ የመምህራቸውን ሥራ የጠገኑት እርሳቸው ሆኑ፡፡ መጽሐፉም የመምህሩን ስም ይዞ ወጣ፡፡

ባለፈው ዓመት በዚያ መንገድ ሳልፍ የቆርቆሮው አጥር አልነበረም፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው መንገዶች በኮሪደር ልማት እየሰፉና እየታደሱ ነው፤ እዚያም የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፡፡ አዲስ ነው፤ ያምራል፡፡ ጃንጥላው ግን የለም፡፡ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት ጠየቅሁ፡፡ «ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጥግ ሰጥተዋቸዋል» አለችኝ፡፡

ተከትዬ ሄድሁ፡፡ በቀጭን የጭቃ መንገድ መጨረሻ፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፡፡ ዓይናቸው ደክሟል፡፡ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የሚያስገባላቸው አንድ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጧል፡፡ ልጁ ክሩን ሲያስገባ እርሳቸው ስፌቱ በየት በየት እንደሚሄድ ያሳዩታል፡፡ ማስታወቂያዋ በሣጥኗ ላይ አለች፤ ካርቶኗ ከዳርና ከዳር ተልጣለች፣ ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል፡፡

«እስክሪብቶ ይዘሃል ወይ ልጄ?» አሉኝ፡፡ «ደብዝዟል ይሉኛል፤ አድምቅልኝ፡፡»

ያዝሁና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ደገምኋቸው፡፡ ከመጨረሻዋ ፊደል ስደርስ እጄ ጥቂት ቆመ፡፡ ከዚያም በአናቷ ላይ ያለችውን ሰረዝ እንደ ነበረች አደመቅኋት፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡